ገበሬው ለቤተሰቡ የጤና መድን ሲገባ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማ ገበሬ የመስኖ ቦዩን የሚጠርገው ተክሉ ከጠወለገ በኋላ አይደለም። የሕክምና ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሰው ከታመመ በኋላ ነው። በሽተኛው ከደጋው በቃሬዛ ወርዶ ሆስፒታል ሲደርስ ገንዘብ ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት ለገበያ የቀረበችን ላም ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። በጋሞ ደጋ ላሚቱ ከተሸጠች የሚቀረው ወተቱ ብቻ አይደለም፤ ለእንሰቱ የሚሆነው ፍግም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ሕመም የጓሮውን እንሰት ለብዙ ጊዜ ሊጎዳው ይችላል።

ለዚህ ችግር የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። አሠራሩ ለዕድርተኛ እንግዳ አይደለም። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ በወረዳ ደረጃ ይጠራቀማል፤ ከቤተሰቡ አንዱ ሲታመም ሒሳቡን ለጤና ጣቢያው ወይም ለሆስፒታሉ የሚከፍለው መድኑ ነው። መንግሥትም በመዋጮው ላይ ድጎማ ይጨምርበታል። መክፈል የማይችሉ ድኾች በቀበሌው ተለይተው መዋጮአቸው በክልሉና በወረዳው ይሸፈናል። ስለዚህ አቅም የሌለው ሰው አፍሮ ከመቅረት ይልቅ ቀበሌውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

«ዕድርም ዕቁብም አለን፤ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ዕድር በሐዘን ጊዜ ይረዳል። ዕቁብም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዕጣው የሚወጣበት ቀንና በሽታው የሚመጣበት ቀን አይስማሙም፤ ዕጣውን ለታመመ የሚለቅ ደግ ሰው ቢገኝም ገንዘቡ ነገ የሚመለስ ብድር ነው። በከተማ ያሉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም የሕክምና መድን ይሸጣሉ፤ ነገር ግን በብዛት የሚሸጡት ለመሥሪያ ቤቶች በቡድን ስለሆነ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ እምብዛም አይመቹም። እንግዲህ ለገበሬው የሚሻለው በወረዳው ያለውን መድን ውሉን ጠይቆና ተረድቶ መግባት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ማን እንደሚታቀፍ ነው። መድኑ የሚገባው በቤተሰብ እንጂ በነጠላ ሰው አይደለም፤ ባል፣ ሚስትና 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በአንድ መታወቂያ ይመዘገባሉ። ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ወይም በቤት የሚጦሩ አያት ካሉ ተጨማሪ መዋጮ ያስፈልጋል። ይህን ሳይጠይቁ ቀርተው አያት በታመሙ ጊዜ ስማቸው ከመታወቂያው ላይ ቢጠፋ የዚያን ቀን የሚደረግ ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር የሕክምናው መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ስለሆነ የልማት ሠራተኞች አጥብቀው ሊያስረዱ ይገባል። የመድኑ አባል መጀመሪያ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። «ሆስፒታል ይሻለኛል» ብሎ ያለ ወረቀት በቀጥታ ጨንቻ ወይም አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው መዋጮውን ከፍሎ ሳለ ከኪሱ ደግሞ ሊከፍል ይችላል። ለድንገተኛ አደጋ ያለው ደንብ ግን ልዩ ነው። ወረዳው ውል የገባው ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር እንደሆነም በጤናችሁ ጊዜ ጠይቁ።

መድኑ ምርመራን፣ መድኃኒትን፣ ተኝቶ መታከምንና ቀዶ ሕክምናን ይሸፍናል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ሕክምናና በውጭ አገር መታከም አይሸፈኑም። ክትባት፣ በጤና ጣቢያ መውለድና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መድን ላልገባም ሰው በነጻ ስለሚሰጡ፣ ለእነዚህ ብሎ መድን መግባት አያስፈልግም።

ስለ መድኃኒት እውነቱን መናገር ይገባል። አባል ሆነው ሳለ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዙ» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ያማርራሉ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። ስለሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ባለፈው ዓመት አባል የነበረ ጎረቤት ምን መድኃኒት አግኝቶ ምን እንደታጣ ጠይቁ። ከውጭ ለተገዛ መድኃኒት ደረሰኝ ይዞ ለመጣ ሰው ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም ከወረዳው የመድን ሠራተኛ ዘንድ አረጋግጡ። የጉድለቱ አንዱ ምክንያት ግን ከእኛው ነው። ጤነኛው ቀርቶ የታመመው ብቻ የገባ እንደሆነ ወጪው ከመዋጮው ይበልጣል፤ ካዝናው ሲራቆት ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው ሒሳብ ይዘገያል፤ ጤና ጣቢያውም መድኃኒት መግዣ ያጣል።

የመዋጮው ልክና የምዝገባው ወራት ሊለወጡ ስለሚችሉ በየዓመቱ ከቀበሌው ይጠየቃሉ። የደጋው ገበሬ ገብሱን ሲሸጥ፣ የቆላው ከየሙዝ ሽያጩ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጠ ቢጠብቅ መክፈያው ሲደርስ አይቸገርም። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ አያሳክምም። ለምዝገባ ስትሄዱ የልጆቹን ስምና ዕድሜ በትክክል አስጽፉ፤ ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ መታወቂያው እጃችሁ ሲገባም ከቀበሌው ሳትወጡ ማንበብ በሚችል ሰው አስነብባችሁ፣ የቀረ ስም ካለ እዚያው አስሞሉ።