ዘጠነኛው ጥያቄ

በድባቴ የሚሠቃይ ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ «ከፍቶኛል» ማለቱ ብርቅ ነው። «ራሴን ያቃጥለኛል፤ ልቤ ይመታል፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። የሥነ አእምሮ ነርሷም ከሰውነት ትጀምራለች፤ ደግም ታደርጋለች። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይፈዛል፣ ሲበዛ ይቅበጠበጣል፤ ደም ማነስም ጉልበት ነሥቶ ድባቴ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ በአብዛኛው ማየትና ማድመጥ ነው፦ አለባበስ፣ የንግግር ፍጥነት፣ የሐሳብ ቅደም ተከተል። አንገት መድፋት በእኛ ዘንድ ጨዋነትም ስለሆነ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ቀኑን ሲጠየቁ ቁጥሩ የጠፋባቸው ባልቴት ዕለቱ ሚካኤል መሆኑን፣ ገበያው ነገ እንደሚውል ከተናገሩ ጊዜውን አልሳቱም። በአንጻሩ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳት ይዞት መቀባዠር የጀመረ፣ አንዴ ነቅቶ አንዴ የሚጠፋበት ሰው ሕመሙ ከሰውነት ሊሆን ስለሚችል አፋጣኝ ሕክምና ይሻል።

ድባቴን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው በ2001 እ.ኤ.አ. ለኅትመት የበቃ፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከት ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ነው። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩ በራሱ ግን በሽታውን አይወስንም።

ብዙዎች የሚዘሉት ዘጠነኛውን ነው፤ ስለ ሞት ሐሳብ የሚጠይቀውን። «ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» ብለው ይፈራሉ። ጥናቶች ግን መጠየቁ ሐሳቡን እንደማያመጣ ደጋግመው አሳይተዋል። ብልህ ነርስ መጀመሪያ አጅቦ የመጣውን ልጅ ወደ ውጭ ትሸኛለች። ከዚያ ቀስ እያለች፦

«እማማ፣ እንዲህ ሲከብድዎት ምነው ባልነቃሁ ብለው ያውቃሉ?»

«ስንቴ፣ ልጄ።»

«ራስዎን ለመጉዳትስ አስበዋል? በምን?»

«በምን» የሚለው ጭካኔ ይመስላል፤ ሕይወት የሚያድነው ግን እሱ ነው። መልሱ ጓዳ የተቀመጠ የተባይ መድኃኒት ከሆነ፣ በሳቸው ፈቃድ ለቤተሰቡ ተነግሮ ያኔውኑ ከቤት ይወጣል።

መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፦ ከዚህ ቀደም ለቀናት ሳይተኙ ሳይደክማቸው፣ ያለ ልክ ሲያወሩና ገንዘብ ሲበትኑ የከረሙበት ጊዜ ነበር? ከነበረ ሕመሙ ባይፖላር ሊሆን ስለሚችል የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ወደዚያው ሊመልሳቸው ይችላል። ታማሚዋ ያንን ጊዜ እንደ ደኅና ዘመን እንጂ እንደ ሕመም ስለማይቆጥሩት፣ ይህን የሚጠየቀው ውጭ የቆየው ልጅ ነው።