የራስን ድክመት ማረም የማን ኃላፊነት ነው? የቅጣት ውርወራ በሙያዊ ቅርጫት ኳስ

መግቢያ

በቅርጫት ኳስ ጨዋታ የተጫዋቹን የግል ብቃት እንደ ቅጣት ውርወራ ገልጦ የሚያሳይ ክንውን የለም። ጥፋት የተፈጸመበት ተጫዋች ከሰሌዳው 4.57 ሜትር ርቆ ከተሰመረው መስመር ላይ ብቻውን ይቆማል። የሚከላከለው ባላጋራ የለም፤ የሚያቀብለው ጓደኛም የለም። ርቀቱም ሆነ የቅርጫቱ ከፍታ አይለወጥም። ስለዚህ ኳሱ ሲስት ምክንያቱን በሌላ ላይ ማሳበብ አይቻልም። በአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር (ኤን.ቢ.ኤ.) ተጫዋቾች በአማካይ ከአራት ውርወራ ሦስት ያህሉን ያገባሉ። ሆኖም ከታላላቆቹ መካከል የሥራ ዘመናቸውን ከሁለት አንዱን እየሳቱ የፈጸሙ አሉ። ይህን የመሰለ ግልጽ ድክመት የማረም ኃላፊነት የክለቡ ነው ወይስ የተጫዋቹ? ይህ ጽሑፍ ኃላፊነቱ የጋራ ቢሆንም ዋነኛው ክፍል፣ ማለትም በሰው ፊት እንደገና ጀማሪ ለመሆን መፍቀድ፣ ከተጫዋቹ ወደ ሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል ያስረዳል።

የውሉ ወሰን

የማኅበሩ መደበኛ የተጫዋቾች ውል ተጫዋቹ በመልካም የአካል ብቃት ላይ ሆኖ እንዲቀርብና የተቻለውን አገልግሎት ሁሉ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በቂ ችሎታ የማያሳይ ተጫዋችም ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ይሁን እንጂ በብዙ ውሎች ውስጥ ደመወዙ በችሎታ ማነስ ምክንያት እንዳይቀር ዋስትና ይገባለታል። በዚህም የተነሣ የታወቀን ድክመት አለማረም በራሱ የሚያስከትለው ቀጥተኛ ቅጣት እምብዛም ነው።

ክለቡ አሠልጣኝ ይቀጥራል፤ የጨዋታ ምስልና አኃዝ የሚተነትን ባለሙያም ያቀርባል። ነገር ግን 82 ጨዋታዎችንና የማያቋርጥ ጉዞን የያዘው መደበኛ የውድድር ዘመን የተቋቋመን የአወራወር ልማድ አፍርሶ ለመገንባት ጊዜ አይሰጥም። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚፈጸመው በበጋው ዕረፍት፣ ተጫዋቹ የገዛ ጊዜው ባለቤት በሚሆንበት ወቅት ነው። ስለሆነም ውሉ የማያስገድደውን፣ የጊዜ ሰሌዳውም የማያመቻቸውን ሥራ የሚያሠራው የተጫዋቹ የራሱ ውሳኔ ነው።

የዊልት ቻምበርሌን ምሳሌ

የዚህ ውሳኔ ክብደት በዊልት ቻምበርሌን ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ቻምበርሌን በ1961/62 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን በጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጥሯል። በዚያ ዘመን የቅጣት ውርወራን ኳሱን በሁለት እጁ ከጉልበቱ አካባቢ ወደ ላይ በማንሣት ይወረውር ነበር። ውጤቱም 61.3 በመቶ ደረሰ፤ ይህም በሥራ ዘመኑ ሁሉ ካስመዘገበው የላቀው ነው። መጋቢት 2 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. መቶ ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ ከ32 የቅጣት ውርወራዎች 28ቱን አግብቷል።

ከዚያ በኋላ ግን ይህን አወራወር ተወው። በ1967/68 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወደ 38 በመቶ አሽቆለቆለ፤ የሥራ ዘመኑንም በ51.1 በመቶ አጠናቀቀ። በአንጻሩ በዚያው አወራወር የጸናው ሪክ ባሪ በማኅበሩ ቆይታው 90 በመቶ ያህል አግብቷል። ቻምበርሌን በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግለ ታሪክ፣ ስልቱን የተወው በሰው ዘንድ መሳቂያ የሆነ ስለመሰለው እንደነበረና ስሕተት መሆኑንም ያውቅ እንደነበር ተናዟል። የጎደለው እንግዲህ ዕውቀትም ጉልበትም አልነበረም። መፍትሔው በእጁ ነበረ፤ ያቃተው ኀፍረቱን መሸከም ነው።

ድክመታቸውን ያረሙ

ካርል ማሎን በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ (1985/86 እ.ኤ.አ.) ያገባው 48.1 በመቶ ብቻ ነበር። የሥራ ዘመኑን ሲፈጽም ግን አማካይ ውጤቱ 74.2 በመቶ ደርሶ፣ በማኅበሩ ታሪክ ከማንም የበለጠ፣ 9,787 የቅጣት ውርወራዎችን አግብቶ ነበር። ዲአንድሬ ጆርዳን በ2015/16 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 43 በመቶ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ከ70 በመቶ በላይ ደርሷል።

ጉዳዩ በቅጣት ውርወራ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የመሐል ተጫዋቹ ብሩክ ሎፔዝ በመጀመሪያዎቹ ስምንት የውድድር ዘመናት ያገባው ባለሦስት ነጥብ ውርወራ ሦስት ብቻ ነበር፤ በ2016/17 እ.ኤ.አ. ብቻ 134 አገባ። እዚህ ላይ የክለቡ ድርሻ ግልጽ ነው፤ የአሠልጣኞቹ የጨዋታ ሥርዓት ከቅርጫቱ ርቆ እንዲቆም በሩን ከፍቶለታል። በተከፈተው በር የገባው ግን ራሱ ነው።

የለውጥ አስቸጋሪነት

የሥነ ልቡና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ በበርሊን የሙዚቃ ተማሪዎች ላይ በተመሠረተ ጥናት፣ ብቃትን የሚያሳድገው ልምምድ በተለየ ጉድለት ላይ ያነጣጠረ፣ ብርቱ ጥረት የሚጠይቅና በባሕርዩ የማያስደስት መሆኑን አመልክተዋል። ሰው በሚችለው ነገር ላይ መለማመድን ይመርጣል፤ ድክመቱን መለማመድ ውድቀቱን ደጋግሞ ማየት ነውና። ከዚህም በላይ፣ ሰውነት ያለ ሐሳብ የሚፈጽመው የቆየ ልማድ ሲፈርስ ውጤቱ ከመሻሻሉ በፊት ሊቀንስ ይችላል። ለሙያተኛ ተጫዋች ይህ የመቀነሻ ወቅት በሺዎች ፊት የሚታይ ነው።

መቃወሚያና ምላሽ

አንዳንዶች ተጫዋች በጠንካራ ጎኑ ላይ ቢያተኩር ይሻላል ይላሉ። ሻኪል ኦኒል በሥራ ዘመኑ ያገባው 52.7 በመቶ ቢሆንም፣ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ከ2000 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ሦስት ዋንጫ አንሥቷል። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ባላጋራዎቹ ሆን ብለው ጥፋት እየፈጸሙ ወደ መስመሩ ይወስዱት ነበር፤ አሠልጣኙም በወሳኝ ደቂቃዎች እርሱን በማስወጣትና በማቆየት መካከል ይቸገር ነበር። የአንዱ ድክመት የቡድኑ ሁሉ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ማኅበሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ከኳሱ ርቆ በሚፈጸም ጥፋት ላይ ያለውን ገደብ ወደ እያንዳንዱ ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች አስፋፍቷል። ሕጉ ደካማውን ወራዋሪ በከፊል ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም።

ማጠቃለያ

የክለብ ኃላፊነት ድክመትን በማስረጃ ማሳየት፣ ባለሙያ ማቅረብና በለውጡ ወቅት የሚመጣውን የውጤት ማነስ መታገሥ ነው። የተጫዋቹ ኃላፊነት የታየውን አምኖ መቀበልና የሚሠራውን መንገድ መያዝ ነው። ሁሉም ድክመት የሚታረም ስላልሆነ ኃላፊነት በመቶኛ ብቻ ሊመዘን አይገባም። ጆርዳን ከ50 በመቶ ባያልፍ እንኳ በመሞከሩ ግዴታውን ተወጥቶ ነበር። ቻምበርሌንን የሚያስጠይቀውም 38 በመቶ ማግባቱ ሳይሆን፣ የሚሻለውን እያወቀ መተዉ ነው።