ልጆች የዕረፍት ሰዓታቸውን ከቤተ ሰብ ጋራ ማሳለፍ ይገባቸዋልን?

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ወላጆች ወዲያው «እንዴታ!» ይላሉ፤ እኛ ተማሪዎች ግን አንገታችንን ደፍተን ዝም እንላለን። ዝም ማለታችን ቤተ ሰባችንን ጠልተን አይደለም፤ የዕረፍት ሰዓት ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ስላልተለየ ነው እንጂ።

የዕረፍት ሰዓት ምንድን ነው ቢሉ፥ ከትምህርትና ከሥራ የተረፈ፥ ሰው እንደ ወደደ የሚያደርገው ጊዜ ነው። በብልባላና በአካባቢዋ ግን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ከብት መመለስ፥ እንጨት መልቀምና ውኃ መቅዳት ነው። ወላጅን መርዳት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከበግ ኋላ ብቻውን ተራራ ለተራራ ሲዞር የዋለ ልጅ «ከቤተ ሰቡ ጋራ ዋለ» ሊባል አይችልም። የዋለው ከበጎቹ ጋራ ነውና።

ቤተ ሰብ በእውነት የሚገናኘው በበዓል ቀን ነው። ገበሬ ቅዳሜና እሑድ፥ እንደዚሁም በየወሩ በ12 ሚካኤልን፥ በ21 ማርያምን፥ በ23 ጊዮርጊስን አክብሮ በሬ አይጠምድም። ያን ዕለት ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል። በብልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ ስለሚኖሩት ንቦች፥ ማን ከማን እንደ ተወለደም የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። የዘር ቈጠራው ቀልድ አይደለም። ባገራችን ልማድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ያለ ዘመድ አይጋባምና፥ አያት ቅድመ አያቱን የማያውቅ ልጅ ነገ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ይቸገራል። ይህን በመማሪያ መጽሐፍ አናገኘውም። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ጓደኞቻችንማ፥ ዓርብ ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ስለሚመለሱ፥ ያለቻቸው የቅዳሜ ማታዋ ቡና ብቻ ናት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እኅቶቻችን ይታዘቡኛል። በበዓል ቀን በሬው ያርፋል፤ ጀሪካኑ ግን አያርፍም። ወንዱ ልጅ ካባቱ አጠገብ ተቀምጦ የአያቶቹን ስም ሲቈጥር፥ እኅቱ ውኃ ቀድታ፥ ቡና ቈልታ፥ ወቅጣ፥ ስኒ አጥባ ወሬው የሚደርሳት በቁርጥራጩ ነው። ለርስዋ ሰፊው ዕረፍት ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረው አሸንድዬ ነው። ያን ጊዜ ከእኩዮችዋ ጋራ እየዘፈነች ከቤት ወደ ቤት ትዞራለች። ወንዶችም በቡሄ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በገና ሩር ይለጋሉ። አንዳንድ ወላጆች ይህን እንደ መባዘን ይቈጥሩታል። በበኩሌ፥ ልጅ ከእኩዮቹ ጋራ ካልተጫወተ ከቤቱም ይዞት የሚገባ ወሬ አይኖረውም እላለሁ።

ሕግም ቢሆን ሁለቱን አላጣላም። በ1982 ዓ.ም. በኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፥ በሐምሌ ወር ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስለ ልጆች መብት ውል አጸደቁ፤ አገራችንም ሁለቱንም ተቀብላለች። የፊተኛው አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። የኋለኛው አንቀጽ 31 ደግሞ ልጅ ለቤተ ሰቡ አንድነት እንዲሠራ፥ ወላጆቹን እንዲያከብርና ሲቸገሩ እንዲረዳ ያዝዛል። ይኸው የአፍሪካው ውል በአንቀጽ 12 ዕረፍትንና ጨዋታን አልነፈገም። ቍጥሩ መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን ደስ አሰኝቶኛል።

እንግዲህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ «አዎን፥ ይገባቸዋል» ነው፤ ግን ሥራው አስቀድሞ ለወንዱም ለሴቷም ከተከፈለ። ወንድ ልጅ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ውኃውን ቀድቶ ቢያመጣ፥ እኅቱ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብላ ለመስማት ትችላለች። እኔ ሞክሬዋለሁ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ወገብ ይቈርጣል፤ ከምንጩ ዘንድ የነበሩትም ሳቁብኝ። የዚያን ዕለት ማታ አያታችን ዘር ስትቈጥር አምስተኛው ቤት ላይ ተሳሳተች። ያረመቻት እኅቴ ናት።