ተጨማሪ መረጃ፦ ካረን ሄስና በግጥም የሚተረክ ልቦለድ

በግጥም የሚተረክ ልቦለድ ማለት፣ እንደ ማናቸውም ልቦለድ ባለታሪክ፣ መቼትና ግጭት እያለው፣ ታሪኩ ግን በስድ ንባብ ምዕራፎች ፈንታ እርስ በርሳቸው በተያያዙ አጫጭር ግጥሞች የሚነገር ድርሰት ነው። በዚህ ስልት ለወጣቶች በመጻፍ ስመ ጥር ከሆኑት ደራስያን አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የተወለዱት ካረን ሄስ ናቸው።

በ1997 ያሳተሙት «አውት ኦቭ ዘ ደስት» የተሰኘው መጽሐፍ፣ በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል የኦክላሆማን የስንዴ እርሻ ባጠፋበት ዘመነ መከራ፣ በእሳት አደጋ ሳቢያ እናቷን ያጣችና ፒያኖ የምትመታባቸው እጆቿ የተቃጠሉባት ቢሊ ጆ የተባለች ልጃገረድ፣ ኀዘኗንና ከአባቷ ጋራ ያደረገችውን ዕርቅ በገዛ አንደበቷ የምትተርክበት ነው። ግጥሞቹ ቤት የማይመቱ ከመሆናቸውም በላይ ቃላቸው እጅግ የተቆጠበ ስለ ሆነ፣ የድርቁ ምድረ በዳነትና የልጅቱ ዝምታ በስንኞቹ ዕጥረት ውስጥ ራሱ ይገለጣል።

መጽሐፉ በ1998 በአሜሪካ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን ታላቁን የኒውበሪ ሜዳይ ተሸለመ። ደራሲዋ በ2001 ባሳተሙት «ዊትነስ» ደግሞ፣ በ1924 የዘረኛው ኩ ክሉክስ ክላን ማኅበር ወደ አንዲት የቨርሞንት መንደር መግባቱን በ11 ሰዎች አንደበት በግጥም ተርከዋል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከምታውቁት ልቦለድ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ በአንድ ባለታሪክ አንደበት በግጥም ጻፉ፤ ከስድ ንባቡ የተቀነሰውንና የጎላውንም ለይታችሁ በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።