በድምፅ የወደቀ ሐሳብ ምን ያተርፋል? የብሪታንያ የግብርና አዋጅ ክርክር

አንድ የምክር ቤት አባል ያቀረበው ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ከወደቀ ድካሙ ከንቱ ቀረ ማለት ነውን? በብሪታንያ ፓርላማ በ2020 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የግብርና ረቂቅ አዋጅ ክርክር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው።

ኒል ፓሪሽ ከ2010 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የነበረውን የቲቨርተንና ሆኒተን የምርጫ ክልል ወክለው በታችኛው ምክር ቤት ተቀምጠዋል። ራሳቸው ገበሬ የነበሩ ሲሆን፣ ከ2015 ጀምሮ የአካባቢ፣ የምግብና የገጠር ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው አገልግለዋል።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በወጣች ጊዜ ከሌሎች አገሮች ጋር በራሷ የንግድ ስምምነት መዋዋል ጀመረች። የገበሬው ስጋት የመነጨው ከዚህ ነው። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ከብትን በሆርሞን ማደለብም ሆነ የታረደ ዶሮን በክሎሪን ማጠብ ክልክል ነው፤ በአሜሪካ ግን ሁለቱም ተፈቅደዋል። ስለዚህ ሕግ አክብሮ በብዙ ወጪ ያመረተ ገበሬ፣ ያ ሕግ በማይመለከተው ርካሽ ሥጋ ከገበያ ሊወጣ ይችላል የሚል ፍርሃት ነገሠ። ፍርሃቱ መነሻ ነበረው። ብሪታንያ እርጉዝ አሳማን መዞር በማይቻልበት ጠባብ ጋጥ መዝጋትን በ1999 ስትከለክል፣ በዚያው መንገድ የተመረተ የውጭ ሥጋ ግን መግባቱን አላቆመም ነበር።

ፓሪሽ በግንቦት ወር 2020 ከውጭ የሚገቡ የግብርና ምርቶች የአገር ውስጡን መስፈርት እንዲያሟሉ የሚያስገድድ ማሻሻያ አቀረቡ። ሐሳባቸው የገዛ ፓርቲያቸውን መንግሥት አቋም የሚቃረን ነበር። ማሻሻያው በ277 ድጋፍና በ328 ተቃውሞ ወደቀ።

ጉዳዩ ግን በዚያ አልተዘጋም። የገበሬዎች ብሔራዊ ማኅበር ያዘጋጀውን አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙበት። መንግሥትም በሐምሌ ወር የንግድና ግብርና ኮሚሽንን አቋቋመ። የላይኛው ምክር ቤት ተመሳሳይ ሐሳብ ጨምሮ ረቂቁን ቢመልሰውም የታችኛው ምክር ቤት በጥቅምት ዳግም ውድቅ አደረገው። ሆኖም በኅዳር የጸደቀው አዋጅ አንቀጽ 42፣ መንግሥት የግብርና ምርትን የሚመለከት የንግድ ስምምነት ለፓርላማ ከማቅረቡ በፊት፣ ውሉ የአገሪቱን የእንስሳት ጤናና ደኅንነት እንዲሁም የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ ይጠብቅ እንደሆነ በሪፖርት እንዲያስረዳ አስገደደ። በ2021 የወጣው የንግድ አዋጅ ደግሞ ኮሚሽኑን በሕግ አጸና።

ይህ ፓሪሽ የጠየቁት ሁሉ አይደለም። ሪፖርት ማቅረብ ምርት እንዳይገባ መከልከል ማለት አይደለምና፤ መንግሥት ግን ውሉ የአገሪቱን ደረጃ ይጠብቅ እንደሆነ ሳያስረዳ ማለፍ አይችልም። በምክር ቤቱ የተነገረው ቃል ሁሉ ሃንሳርድ በተባለው ይፋዊ መዝገብ ስለሚሰፍር፣ መራጩ እንደራሴው ምን እንደተናገረና ድምፁን ለየትኛው ወገን እንደሰጠ አንብቦ መጠየቅ ይችላል።