የአጥንት መሳሳትና የሕክምናው ምርጫ

አጥንት ሕይወት ያለው የአካል ክፍል ነው፤ አሮጌው ዘወትር እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም በሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል። አጥንቱም እየሳሳ ሄዶ በቀላል አወዳደቅ ይሰበራል። የዳሌ ስብራት ደግሞ አረጋውያንን የአልጋ ቁራኛ ሊያደርግ ይችላል። ይህ በሽታ የአጥንት መሳሳት ይባላል።

መድኃኒቶቹ በአሠራራቸው ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው አለንድሮኔት የአጥንትን መፍረስ ይገታል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ የምግብ ቧንቧን እንዳያቆስል ግን በሽተኛው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ጋደም ማለት የለበትም። ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ በመርፌ ስለሚሰጥ፣ ኪኒን መዋጥ ለሚቸገር ይመቻል። ነገር ግን ሌላ መድኃኒት ሳይተካ ከተቋረጠ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊከተል ይችላል። ቴሪፓራታይድ አዲስ አጥንት እንዲገነባ ያደርጋል፤ ሆኖም በየቀኑ የሚወጋና ዋጋው ውድ ነው።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ኃይል ብቻውን ለምርጫ አይበቃም። የበሽተኛው የመሰበር ሥጋት ምን ያህል ነው? ከሐኪም ቤት ርቆ የሚኖር ሰው መርፌውን በወቅቱ ያገኛል? ገንዘቡስ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል? ሐኪሙና በሽተኛው እነዚህን በጋራ መዝነው ሊወስኑ ይገባል።