የአድባራት መዛግብትና የጅቡቲ ጉዞ

የጅቡቲ ከተማ ስም በመርከብና በባቡር ታሪክ ብቻ ሳይሆን በመጻሕፍት ታሪክም ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። በ1923 ዓ.ም. ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ አፍሪካን ካቋረጠ በኋላ በ1925 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ማርሴይ የተሳፈረው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን «የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ» ተብሎ ይታወቃል። በማርሴል ግሪዮል የተመራው ይህ ቡድን ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ ነበር። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትና ጥቅልሎች ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በግሪዮል ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም ከግድግዳቸው ተነሥተው በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ።

ለአንባቢው ግልጽ መሆን የሚገባው፣ አንድ መጽሐፍ ከደብሩ ሲወጣ የሚወጣው ጸሎቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዳዊቱ ወይም ድርሳኑ በሌላ ደብር ይገኝ ይሆናል። በባዶው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ግን በሌላ ቦታ አይገኝም። የአገራችን አድባራት ልዩ መዝገብ ቤት አልነበራቸውም፤ መዝገባቸው ወንጌላቸው ነበር። «ወንጌል ዘወርቅ» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ንጉሡ የሰጠው ጉልት፣ የመሬቱ ወሰን፣ የምስክሮቹ ስም፣ በየዘመኑ የተቆጠረው ንዋየ ቅድሳት ይጻፍ ነበር። ጽሑፉን የሚፍቅ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። ገበዙም መጽሐፉን በዕቃ ቤት ይጠብቃል። ግዝቱ ከፋቂ እጅ ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ ከርጥበት፣ ከአይጥ፣ ከጧፍ እሳትና ከገዢ ከረጢት አላዳነም።

መጽሐፍ የአስተዳደር መሣሪያ መሆኑን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሚገባ ያውቁ ነበር። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከወሰዷቸው መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ ለንደን ሲጽፉ፣ የአገሬ ሕግ በዚህ መጽሐፍ ስላለ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 አንድ ቅጂ ተመለሰላቸው።

በፓሪስ ያሉት መጻሕፍት በደረቅ ክፍል ተቀምጠው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ካታሎግ ተዘጋጅቶላቸዋል። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ባለ ደብሩ የራሱን ጉልት ለማንበብ ባሕር መሻገር ነበረበት።

መጽሐፉን ሳያነሡ ምስሉን ብቻ ማንሣት የተሻለ ዘዴ መሆኑን በኋላ የመጣው ሥራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 በጠቅላይ ቤተ ክህነትና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ትብብር የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። የዘመን ለውጡና ጦርነቱ ሳይገታው 9 ሺህ ገደማ የብራና መጻሕፍት ተቀረጹ፤ ብራናው ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ፊልሙ አንዱ በአገር ውስጥ፣ አንዱ በውጭ ተቀመጠ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜያቸውን ከፍተኛ ክፍል ለዚሁ ካታሎግ አውለዋል። የዛሬው ተመራማሪ አንድ ኅዳግ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት በእርሳቸው መግለጫ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የፓሪሱ ኬ ብራንሊ ሙዚየም የዳካር-ጅቡቲን ጉዞ እንደገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ አሳይቷል። አፍሪካውያን ባለሙያዎች ዕቃዎቹ ከማን፣ በምን ሁኔታና በስንት ዋጋ እንደ ተወሰዱ ጠይቀዋል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከሰብሳቢው ማስታወሻ ሌላ መልስ የሚሰጥ ምስክር የሚገኘው ደብሩ የመጻሕፍቱን ቆጠራ በወቅቱ ጽፎ አኑሮ እንደ ሆነ ነው። ቆጠራው ያለው በወንጌሉ መጨረሻ ቅጠል ላይ ከሆነና ወንጌሉም አብሮ ከሄደ ግን ደብሩ የሚያቀርበው ማስረጃ የለም። ስለዚህ ቆጠራው በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ከመጽሐፉ ጋር በዕቃ ቤት፣ ሁለተኛው ከደብሩ ውጭ በሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።